ምስል ጥዶ መሄድ

እህቴን ሊዳኟት የተቀጠረው ከምሳ በኋላ ነበር። እኔ ግን ከጠዋት ጀምሮ ወንበር ላይ መቀመጥ አቅቶኛል። ቁጭ እላለሁ፣ ብድግ እላለሁ፤ የሰርቨር ክፍሉን በር ከፍቼ ቅዝቃዜው ፊቴን ሲመታኝ ምን ፍለጋ እንደገባሁ ይጠፋኛል። አጠገቤ የሚቀመጠው የኔትወርክ ባለሙያ ታገሰኝ ታገሰኝና፣ “ምነው፣ ወንበሩ እሾህ አለው እንዴ?” አለኝ።

“አለው” አልኩት። “ና ተቀመጥበትና ሞክረው።”

እህቴ እኔ በምሠራበት ሆስፒታል የራጅ ሐኪም ናት። ታማሚ ሲቲ ስካን ሲነሣ ምስሉ በኔትወርክ ወደ እሷ ስክሪን ይመጣል፤ እሷ አንብባ ለድንገተኛ ክፍል ትናገራለች፤ እነሱ ደግሞ በነገረቻቸው መሠረት ያክማሉ። ከጥቂት ሳምንታት በፊት አንድ ፀጉር አስተካካይ አንጎሉ ውስጥ ደም ረግቶበት መጣ። ምስሉ ቶሎ ተነሣ፣ ንባቡ ግን ዘገየ፣ የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጥበት ጊዜ አለፈ። የሰውየው ነፍስ ተረፈች። ቀኝ እጁ ግን መቀስ አልይዝ አለ።

እህቴ ስትጠየቅ “ምስሉ ዘግይቶ ነው የመጣው” አለች። የኛ የኮምፒውተር ክፍል ሲጠየቅ ደግሞ “የሲስተሙ ፍጥነት እንከን የለበትም” አለ። ጉዳዩን እንዲያጣራ የተቋቋመው ኮሚቴ የኛን ክፍል ካመነ እህቴ ከድንገተኛ ንባብ ትነሣለች፤ የሙያ ፈቃዷም ጥያቄ ውስጥ ይገባል። እኔ የምሠራው እዚያው “እንከን የለበትም” ባለው ክፍል ውስጥ ነው። ቤት ስገባ ወንድሟ፣ ቢሮ ስገባ ከሳሿ ሆኜ ከረምኩ። እራት ላይ ዓይኗን ማየት አቅቶኝ ሳህኔን ሳይ ነበር የማመሸው።

እሷ እንደሆነች አትዋሽም። ይህን የምለው ስለምወዳት ብቻ አይደለም። ልጆች ሳለን እናታችን ፊት ቆማ የራሷን ጥፋት አንድ በአንድ ተናግራ ስትጨርስ የእኔንም የምትጨምር ጉድ ነበረች። በዚህ የተነሣ ስንት ጊዜ እንደተቆነጠጥኩ እኔና ጆሮዬ እናውቃለን።

የክፍላችንን ኃላፊ ከኋላው “አረንጓዴው” እንለዋለን። ግድግዳው ላይ አንድ ትልቅ ስክሪን አሰቅሏል፤ የሁሉም ዲስኮች ፍጥነት አማካይ እዚያ ላይ ይታያል። አማካዩ ጥሩ ሲሆን መስመሩ አረንጓዴ ነው። ሁልጊዜ ጠዋት ቡና እንኳ ሳንቀምስ ስክሪኑ ፊት ያሰልፈናል። “እንዴት ነው?” ይላል። “አረንጓዴ ነው!” እንላለን። “በሉ ወደ ሥራ!” ይላል። የዚያን ቀን ጠዋት ሁሉም “አረንጓዴ ነው” ሲል እኔ አፌን ዘጋሁ። አላለፈኝም፤ ሌሎቹ ሲበተኑ ትከሻዬን ያዘኝ።

“እህትህ ስለሆነች አዝናለሁ” አለኝ። “ግን እንደምታየው ነው።”

“የማየው አማካይ ነው ጌታዬ። አንድ ሰው እግሩ እሳት ውስጥ፣ ጭንቅላቱ በረዶ ውስጥ ቢሆን በአማካይ ተመችቶታል ሊባል ነው?”

ፊቱ ዳመነ። “እስከ ምሳ ድረስ ፈልግ” አለ። “ካላገኘህ ግን አፍህን ይዘህ ሥራህን ትሠራለህ።”

እናቴ በዚያ ሁሉ መሀል ትደውላለች። “እህትህን ምን አርገዋት ነው? ምን አገኘህ?” ትለኛለች። ነገሩን ለእሷ ባስረዳሁበት መንገድ እዚህም ላስረዳው። የሆስፒታሉ ምስሎች የተቀመጡበት ኮምፒውተር የሚዳሰስ ኮምፒውተር አይደለም። ትልቅ ማሽን ሆድ ውስጥ ተቀምጦ “እኔም ኮምፒውተር ነኝ” የሚል ፕሮግራም ነው፤ ቨርቹዋል ማሽን እንለዋለን። ዲስክ አለኝ ብሎ ያምናል፤ የለውም። ዲስኬ የሚለው ነገር ተቆራርሶ፣ በኔትወርክ በተያያዙ ብዙ ሰርቨሮች ውስጥ ባሉ ዲስኮች ላይ ተበትኗል። አንድ ምስል ሲፈለግ ቁራሾቹ ከያሉበት ይጠራሉ፤ ሁሉም ተሰብስበው ካልመጡ ምስሉ አይከፈትም።

እናቴ እስከ መጨረሻው ሰማችኝና፣ “እና በዚህ መሀል የኔ ልጅ ምን ጥልቅ አደረጋት?” አለች። እኔም የምጠይቀው እሱኑ ነበር።

መጀመሪያ ኔትወርኩን ጠረጠርኩ። የኔትወርክ ባለሙያው እያጉረመረመ ኬብሎቹን ለወጠልኝ፣ ስዊቾቹን አንድ በአንድ አየልኝ፤ የጠፋም የተበላሸም ዳታ የለም። “ንጹሕ ነው፤ እኔ ላይ እንዳትመጣብኝ” አለና ወደ ወንበሩ ተመለሰ። ቀጥሎ የመጻፍ ፍጥነቱን ሞከርኩ፤ ጥሩ ነው። የማንበቡን ሞከርኩ፤ እሱም ጥሩ ነው። ለሐኪሞቹ አቤቱታ ሁሉ ስንመልስ የከረምነው ይህንኑ ነበር፦ “ሞክረነዋል፤ ጥሩ ነው።”

ቆይቶ ነው የገባኝ። የክፍላችን መሞከሪያ ሁልጊዜ የሚያነበው ያንኑ አንድ ፋይል ነው። አንዴ የተነበበ ነገር ደግሞ ሜሞሪ ውስጥ ስለሚቀር፣ ሁለተኛ ሲጠየቅ ዲስክ ድረስ የሚሄድ የለም። አሁን የነገርኩህን መልሰህ ንገረኝ ብሎ ሰውን “አቤት የማስታወስ ችሎታ!” እንደማለት ነው። ይህን መሞከሪያ የሠራው አረንጓዴው ራሱ ነበር፤ ሁላችንም አምነንበት ስንኖር አንዳችንም ፋይሉን ለመቀየር አላሰብንም።

ሜሞሪውን አጽድቼ ማንም ያልነካቸውን የቆዩ ምስሎች መጥራት ጀመርኩ። አንዱ ብልጭ ብሎ ተከፈተ። ሁለተኛውም። ሦስተኛው ግን ሄደ ሄደና መሀል ላይ ቆመ። ስክሪኑ ግራጫ እንደሆነ ቀረ። እግሬን መሬት እየመታሁ ስጠብቅ፣ ስጠብቅ፣ ኋላ ላይ እንደምንም እየተጎተተ መጣ። ከወንበሬ ዘልዬ ተነሣሁ። የሚሠራበት ሲስተም ታሞ ሲያገኘው በደስታ የሚጨፍር ሠራተኛ ከእኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም።

“ምን አገኘህ?” አለ የኔትወርክ ባለሙያው።

“እህቴን!” አልኩት።

ከዚያ ወዲያ አማካይ የሚባለውን ነገር ትቼ ዲስኮቹን አንድ በአንድ ጠየቅኋቸው። አሰልቺ ሥራ ነው። ሁሉም ቶሎ ይመልሳሉ፣ ቶሎ ይመልሳሉ፣ ዓይኔ ሊፈዝ ደርሷል፤ አንዱ ላይ ስደርስ ዝም። ከብዙ ጥበቃ በኋላ መለሰ። እንደገና ጠየቅኩት፤ እንደገና አስጠብቆኝ መለሰ። የሞተ ዲስክ ቢሆን ሲስተሙ ራሱ አውጥቶ ይጥለውና ቁራሾቹ ሌላ ዲስክ ላይ ካላቸው ቅጂ ያነብ ነበር። ይህ ግን አልሞት ባይ ተጋዳይ ነው፤ ምንጊዜም ይመልሳል፣ ዘግይቶ። ስለሚመልስ ማንም አያባርረውም። ሲጻፍም አይታወቅበትም፤ የሚጻፈው ሁሉ መጀመሪያ ከፊቱ ያለ ፈጣን ማረፊያ ላይ ስለሚያርፍ። ሲነበብ ግን ጉዱ ይወጣል። አንዲት ቁራሿ እሱ ላይ የወደቀች ምስል ሁሉ እሱን ትጠብቃለች። ከዚያ ሁሉ ጤነኛ ዲስክ መሀል ደግሞ የአንዱ ሕመም አማካዩን ንቅንቅ አያደርገውም፤ ግድግዳችን ላይ ያለው መስመር እንዳማረበት አረንጓዴ ነው።

አረንጓዴውን ጠርቼ አሳየሁት። ይቆጣል ብዬ ጥርሴን ነክሼ ነበር። አየው፣ ከዚያ ፊቱ ቀስ በቀስ ፈካ።

“ታዲያ ጥፋቱ የኛ አይደለማ” አለ። “የዲስኩ ነው።”

“የእህቴም አይደለም።”

“የእሷም አይደለም! የዲስኩ ነው።” ወዲያው ስልኩን አወጣ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ጋ ደውሎ፣ ክፍላችን ባደረገው ጥልቅ ምርመራ የተደበቀ ችግር እንዳገኘ አፉን ሞልቶ ነገረው። ዘግቶ ወደ እኔ ዞረ። “አልቋል። ዲስኩን ነቅለህ ይዘህ ትመጣለህ፤ ኮሚቴ የሚጨበጥ ነገር ደስ ይለዋል። እንኳን ደስ ያለህ።”

እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ግን እኔ የጀመርኩትን ነገር ጫፉን ካላየሁ አንጀቴ አይረጋም። ዲስኩን ከመንቀሌ በፊት የፀጉር አስተካካዩን የራሱን ምስል፣ እህቴ በተቀመጠችበት ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ሲንቀረፈፍ በስልኬ ልቀርጸው ፈለግኩ። ከዚያ በኋላ ማን ምን ይላል? ሜሞሪውን ዳግመኛ አጽድቼ ወደ ንባብ ክፍሉ ሮጥኩ።

ክፍሉ ጨለም ያለ ነው፤ ከስክሪኖቹ በቀር መብራት የለውም። እህቴ አልነበረችም። አንዲት ባልደረባዋ አንድ ምስል ጠርታ ስክሪኑ ግራጫ እንደሆነ ተነሣች።

“ትተሽው ነው?” አልኳት።

“ጥጄዋለሁ” አለች እየሳቀች። “እዚህ ቤት ምስል ይጣዳል እንጂ አይከፈትም። ጥደህ ሌላ ሥራ ሠርተህ ስትመለስ በስሎ ታገኘዋለህ። ሁላችንም እንዲህ ነን። ፊቱ ቁጭ ብለህ ብትጠብቅማ ታብዳለህ።”

ሄደች። እኔ የእህቴ ወንበር ላይ ተቀመጥኩና ስልኬን ደግኜ የፀጉር አስተካካዩን ምስል ጠራሁ።

ጣቴን ሳላነሣ ተከፈተ።

የሰውየው አንጎል ሙሉውን፣ ጥርት ብሎ፣ ፊቴ ቁጭ አለ። ተሳስቼ ሌላ ምስል የጠራሁ መሰለኝ። ዘጋሁት፣ ተመልሼ ሜሞሪውን አጸዳሁ፣ እንደገና ጠራሁት። ያው ነው። ያቺ ሐኪም የጣደችው ምስል ጎኔ ላይ አሁንም ግራጫ ነው፤ ይሄኛው ግን በጠራሁት ቁጥር ከመቅጽበት ከተፍ ይላል።

ወደ ቢሮ ተመልሼ የምስሉን ቁራሾች አሳደድኩ። ሲስተሙ ቢጠይቁት እያንዳንዷ ቁራሽ የት እንዳለች ይናገራል። አንዷን፣ ሌላይቱን፣ እያልኩ እስከ መጨረሻዋ ሄድኩ። አንዲትም የታመመው ዲስክ ላይ የለችም። ሁሉም ጤነኞቹ ጋ ናቸው፣ ከተቀመጡበትም ቀን ጀምሮ እዚያው ናቸው። እህቴም ያን ቀን እንደ ባልደረባዋ ምስሉን ጥዳው ሄዳለች ማለት ነው። ምስሉ ገና ጀርባዋን ስታዞር መጥቶ፣ ባዶ ወንበር ፊት በርቶ ሲጠብቃት ቆይቷል። ስትመለስ በስሎ አገኘችው፤ እንደ ሌሎቹ ሁሉ አሁን የመጣ መሰላት። አልዋሸችም። የምታውቀውን ነበር የተናገረችው።

የዚያን ቀን ኔትወርኩ ተጨናንቆ ሊሆን ይችላል እኮ፣ አልኩ ለራሴ። ሌላ ያላየሁት ነገር ሊኖር ይችላል። ይህን ሁሉ ስል ግን ዓይኔን በጨው አጥቤ እየዋሸሁ እንደሆነ አውቀዋለሁ። ሄጄ ዲስኩን ነቀልኩት። መዳፌ ላይ ሞቅ ብሎ ነበር።

እህቴን ኮሚቴው የሚሰበሰብበት ክፍል በር ላይ አገኘኋት። ጋውኗን ተኩሳ ለብሳለች። እጄን ስታይ አፏን ያዘች።

“አገኘኸው?”

“አገኘሁት፣ እታለም።”

ዲስኩን ከእጄ ወስዳ ደረቷ ላይ ለጠፈችው። ትስቃለች፣ እንባዋ ይወርዳል። “ማሙሽ” አለችኝ፤ ጭንቅላቴ መመለጥ ከጀመረ ወዲህ እንኳ ስሜ ይሄው ነው። “ማሙሽዬ፣ እኔኮ ያበድኩ መስሎኝ ነበር። ዘግይቶ ነው የመጣው እላለሁ፣ አረንጓዴ ነው ይሉኛል። ሌሊት ሌሊት እነሣና እኔ ብሆንስ እላለሁ።”

“ግቢ በቃ። ሁሉም ነገር አልቋል፤ ሰብሳቢው ያውቃል።”

እጀታውን ጨበጠችና ቆመች። “የሰውየውም ምስል እዚህ ውስጥ ነበር አይደል?” አለች።

ነበር ማለት እችል ነበር። ማንም አያጣራም። አረንጓዴው ደስ ይለዋል፣ ሰብሳቢው ደስ ይለዋል፣ እናቴ ደስ ይላታል። አፌን ከፈትኩ። እሷ ግን ከአፌ ሳይሆን ከፊቴ ነው የምታነበው፤ ድሮም እንደዚያ ነበረች።

“ማሙሽ?”

“አልነበረም።”

“ታዲያ መቼ ነው የመጣው?”

“ወዲያው፣ እታለም። እንደጠራሽው።”

ግድግዳውን ተደገፈች። “ጎን ያለው ክፍል ነበርኩ” አለች፣ ለእኔ ይሁን ለራሷ እንጃ። “ሌላ ምስል እይልን ብለውኝ። ጥጄው ነው የሄድኩት።” ዲስኩን እጄ ላይ መለሰችና በሩን ከፍታ ገባች። ተከትያት ገባሁ።

አረንጓዴው ስለ ዲስኩ ተናገረ። ዲስኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ እያገላበጡ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰብሳቢው መነጽሩን አውልቆ፣ “እንግዲህ ዶክተር፣ ችግሩ የማሽን መሆኑ ታውቋል፤ እኛም ይቅርታ ልንጠይቅዎት ይገባል” ማለት ሲጀምር እህቴ ተነሣች።

“ማሽኑ ታሟል፣ እውነት ነው” አለች። “የዚህ ሰው ምስል ግን ወዲያው ነው የመጣው። እኔ ነኝ ያልነበርኩት።”

ከወንበሬ ተነሣሁ። “ሁሉም ይጥዳል!” ብዬ ጮህኩ። “አሁን ሄዳችሁ እዩ፣ ሁሉም ጥደው ይሄዳሉ! ማን ነው ያስለመዳቸው? እኛ አይደለንም? ስንቴ አቤት ሲሉን ነው አረንጓዴ ነው እያልን የመለስናቸው?” አረንጓዴው ጠረጴዛውን ያያል። እህቴ ዘወር አለችና፣ “ማሙሽ፣ ዝም በል” አለችኝ፤ በዚያ ሁሉ ትልልቅ ሰው ፊት። ዝም አልኩ።

ከድንገተኛ ንባብ እንድትነሣ ወሰኑ። የፈቃዷን ጉዳይ ሌላ ቀን እናየዋለን አሉ። አረንጓዴው ሲወጣ አጠገቤ ቆም ብሎ ሄደ።

እህቴ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ነበር። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ከጠዋት ጀምሮ እረፍት ያጣው እግሬ አሁንም ደረጃውን ይመታል፤ እጇን ጉልበቴ ላይ ጫነችው።

“አንድ ጊዜ እንኳ ብትዋሸኝ ምን ነበረበት?” አለች።

እኔም ያንኑ እያሰብኩ ነበር። ተናድጄባት ነበር፣ አፍሬባትም ኮርቼባትም ነበር፣ ሁሉም ባንዴ።

“ለሰውየው ማሽኑ ነው ብዬዋለሁ” አለች። “መጀመሪያ አካባቢ፣ ገና መናገር ሲጀምር። ማሽኑ ዘግይቶ ነው አልኩት። ምን አለኝ መሰለህ? ‘አይዞሽ ልጄ፣ አንቺ ምን ታደርጊ’ አለኝ። እሱ እኔን አጽናናኝ እኮ።” ተነሣች። ጋውኗን አራገፈች።

“ዛሬውኑ ልትነግሪው?” አልኳት።

“ካደረ አልችለውም።”

ሰውየው እጁን የሚያሠራበት የፊዚዮቴራፒ ክፍል ምድር ቤት ነው። አትምጣ ስላላለችኝ ተከተልኳት። ሰውየው መስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ በቀኝ እጁ የላስቲክ ኳስ ሊጨብጥ ይታገላል፤ ኳሷ ታመልጠዋለች፣ በግራው ያነሣና እንደገና ያስይዛታል። እህቴን ሲያይ ኳሷን ጭኑ ላይ ትቶ ግራ እጁን ዘረጋላት። ጨበጣትና አለቀቃትም፤ ጎኑ አስቀመጣት። ከንፈሩ በአንድ በኩል ወደ ታች ተጎትቷል፤ ቃላቱ ቀስ ብለው ነው የሚወጡት።

“እንዴት... ሆነልሽ ልጄ?” አላት። “ማሽኑ... ተሠራላችሁ?”

“ተሠርቷል፣ አባባ” አለች እህቴ። “የእርስዎን ምስል ያዘገየው ግን ማሽኑ አይደለም። ምስሉ በሰዓቱ መጥቶ ነበር። እኔ ነኝ ተነሥቼ የሄድኩት። ዛሬ ነው ያወቅኩት።”

ሰውየው አያት። የገባው አልመሰለኝም ነበር። ከዚያ ዓይኑን ወደ ቀኝ እጁ አወረደ። በደህናው እጁ ይዞት የነበረውን የእህቴን እጅ ቀስ ብሎ ለቀቀው። እህቴ ግን አልተነሣችም፤ እዚያው ጎኑ ቁጭ አለች።